ግድቡ ባለቤት አለው፤ ሐይቁስ?

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ ሲመረቅ ወሬው ሁሉ ስለ 5,150 ሜጋ ዋቱና ስለ ካይሮ ቁጣ ነበር። ከግንቡ ጀርባ የተኛው ውሃ ለፎቶግራፍ ድምቀት ከመሆን አላለፈም። ንጋት የተባለው ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ጢም ብሎ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። አባያን በስፋት ጥሎት ሄዷል። ጣና በስፋት ቢበልጠውም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ፣ በያዘው የውሃ መጠን ንጋት ከእጥፍ በላይ ይልቀዋል። የተፈጥሮ ሐይቆቻችን በእሳተ ገሞራና በመሬት መሰንጠቅ፣ ለመቁጠር በሚያዳግት ዘመን የተፈጠሩ ናቸው። ይሄኛው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ክረምቶች ዓይናችን እያየ ሞላ።

ከምረቃው በፊትም በኋላም ስለ ሐይቁ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣው ቱሪዝም ነው። ኮረብታዎች በውሃ ተከበው ደሴት ሆነዋል፤ ጀልባ ይመላለስባቸዋል፣ ሎጅ ይሠራባቸዋል፣ አሳው ይጠበሳል። ምኞቱ የሚናቅ አይደለም። ቦንድ ገዝቶ፣ ከደመወዙ አስቆርጦ ግድቡን ያቆመ ሕዝብ፣ ዋሽንግተንና ሪያድ ሆኖ ያዋጣው ጭምር፣ ገንዘቡ የት እንደገባ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ማየትም ይገባዋል። ነገር ግን ኃይል ማመንጫና መዝናኛ በአንድ ውሃ ላይ ሲገናኙ ማን ለማን እንደሚያድር ከሎጁ ዲዛይን በፊት መወሰን አለበት። ይህ ሳይወሰን ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ቆቃ አለ።

ቆቃ የጦር ካሳ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወስኖባት ነበር። ክፍያው ዓመታት ተጎተተ፤ በድርድር ገንዘቡ አነሰ፤ በመጨረሻም ከዚያ ካሳ አዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠራ። በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚያመነጨው 43 ሜጋ ዋት ነበር። ዛሬ ጉባ ካሉት ትልልቅ ተርባይኖች አንዷ ብቻዋን ከዘጠኝ ቆቃ በላይ ታመነጫለች። ያን ጊዜ ግን 43 ሜጋ ዋት አዲስ አበባን የሚያበራ፣ የፋብሪካ ባለቤት ደፍሮ ማሽን እንዲያስገባ የሚያደርግ ኃይል ነበር። ቆይቶም ከቆቃ የሚለቀቀውን ያንኑ ውሃ ደግመው ደጋግመው የሚጠቀሙ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይዘው ተጨመሩ። ከቆቃ በታችም የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ፣ የመርቲ አትክልት፣ የአፋር ጥጥ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

ሐይቁ ገሊላ ተባለ። በዳርቻው የንጉሠ ነገሥቱ ማረፊያ ቤተ መንግሥት ተሠራ። እንግዲህ አገራችን ሰው ሠራሽ ሐይቅን ለመዝናኛ መጠቀም የጀመረችው ያኔ ነው፤ የሚዝናናው አንድ ሰው ከነእንግዶቹ ነበር። ሸለቆው በውሃ ሲሞላ መሬቱ የተወሰደበት የኦሮሞ ገበሬና ከብት አርቢ ስለ ካሳ የሚጠይቅበት ሸንጎ አልነበረውም። የግጦሽ ሣሩን ጉማሬ ወረሰው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ስድሳ ምናምን ዓመት ለትምህርት የተመቸ ነው። በመጀመሪያ ደለሉ መጣ። አዋሽ ከላይኛው ተፋሰስ፣ ሞጆ ወንዝም ከሉሜና ከአድአ እርሻዎች አፈር እያጠቡ አመጡ። ሲጀመር ከ1.6 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ጥቅም ላይ የሚውል ውሃ ይይዝ የነበረው ሐይቅ አርባ ዓመት ሳይሞላው ሲሶ ገደማ አቅሙን ለአፈር አስረከበ። ደለል ማመንጫውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ሐይቁን ጎድጓዳነቱን ነጥቆ ሰፊና ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ጠፍጣፋ ሐይቅ ደግሞ ከፍታው በአንድ ሜትር ዝቅ ሲል ዳርቻው ብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል። መስከረም ላይ ውሃ ዳር የተሠራ የሻይ መጠጫ ግንቦት ላይ ጭቃ መሐል ይቀራል። ውሃው በሸሸበት መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም ይተከላል፤ መድኃኒቱም ማዳበሪያውም ክረምት ሲገባ አብሮ ይሰጥማል። በዚያ ላይ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በወንዙ ይመጣል። ውሃው አረንጓዴ ቀለም የሚያወጣው፣ በውስጡም መርዝ የሚያመነጭ ጥቃቅን አልጌ የሚረባው ይህን ሁሉ እየተመገበ ነው። የዳርቻው ነዋሪ ያንኑ ውሃ ቀድቶ ይጠጣል፣ ከብቱን ያጠጣል።

እምቦጭንም አንርሳ። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲታይ አገሩ ሁሉ እንደ አዲስ ጠላት ደነገጠ፤ ወጣቱ በአውቶቡስ ተጭኖ ሊነቅል ሄደ። እምቦጭ ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆቃና አዋሽ ላይ ታይቶ ተመዝግቦ ነበር። ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ ሐይቁ ላይ ሲያብብ ተርባይኖቹ ይዞሩ ስለነበር እንደ አገር ችግር የቆጠረው አልነበረም። እዚህ ላይ የነገሩ ቋጠሮ ይታያል። ተርባይን ከቆመ በማግስቱ ስብሰባ ይጠራል። ሐይቅ ሲታመም የሚጠራ ስብሰባ የለም፤ የማን ስብሰባ ይሆናል? የውሃውን በር የሚከፍትና የሚዘጋ መሥሪያ ቤት አለ፣ ውሃውን ለመስኖ የሚያከፋፍል አለ፣ ዳርቻውን የሚያስተዳድሩ ወረዳዎች አሉ፣ አሳ አስጋሪዎችን የሚያደራጅ አለ። ሁሉም ከሐይቁ አንድ ነገር ይወስዳሉ። ሐይቁን እንደ ሐይቅ ይዞ ሲበላሽ የሚጠየቅ ግን ማን እንደሆነ ቆቃ ዳር ቆሞ ለሚጠይቅ ሰው አንድ መልስ አይገኝለትም። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል፤ ከአዲስ አበባ በመቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለ፣ ጉማሬና የውሃ ወፍ የሞላበት፣ ሁለት ዋና መንገድ አጠገቡ የሚያልፍ ሐይቅ ተጓዡ በመኪና መስኮት እያየው አልፎ ሐዋሳ የሚያድረው ለዚህ ነው። ቆም ቢል እንኳ በመንገዱ ዳር አሳ አንጠልጥለው ከሚያሳዩት ልጆች አንድ ሁለት ቆሮሶ ገዝቶ ነው የሚሄደው።

በቆቃ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ ለዚህ ጉዳይ በጣም የሚጠቅመው የወባው ነው። ተመራማሪዎች ከሐይቁ በአንድ ኪሎ ሜትር ክልል ያሉ መንደሮችን ራቅ ብለው ካሉት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ዳርቻው ላይ ያለው ሰው በወባ የሚያዝበት መጠን እጅግ ከፍ ብሎ አገኙት። ጥፋቱ የሰፊው ውሃ አልነበረም፤ ትንኝ ማዕበል ባለበት ውሃ ላይ አትራባም። ጥፋቱ ውሃው ቀስ እያለ ሲሸሽ በዳርቻው የሚተዋቸው ኩሬዎች ናቸው። ከዚህ የተነሣ አንድ ቀላል ሐሳብ ቀረበ። ወባ በሚበረታባቸው ወራት ውሃው ከለመደው ፈጠን ብሎ እንዲወርድ ቢደረግ ኩሬዎቹ እጮቹ ትንኝ ሳይሆኑ ይደርቃሉ። ለዚህ አዲስ ግንባታ አያስፈልግም፤ የበሩን አከፋፈት ማስተካከል ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ገና በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የሐይቆቹን ከፍታ ሆን ብሎ ከፍ ዝቅ እያደረገ ትንኝ ይዋጋ ነበር። ወባማ በሆነ ቆላ ሎጅ ለመሥራት ያሰበ ሰው ከአልጋ ልብሱ ቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው።

ስለ ከፍታ ካነሣን አይቀር ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የኃይል ማመንጫ ሐይቅ በመልኩ ሐይቅ ቢሆንም በጠባዩ ጎተራ ነው። ክረምት ይሞላል፣ በጋውን ሁሉ ይጎድላል፤ ሳይጎድል ቢከርም ጎተራ አይባልም። የጣና ዳርቻም በዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ገዳማቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጀልባ የሚያቆሙበትን ቦታ የሚያውቁት ለውጡ ትንሽና የለመዱት ስለሆነ ነው። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ዳርቻው የሚወሰነው ከዳርቻው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎትን በሚቆጣጠር ማዕከል ነው። አዲስ አበባ ምሽት ላይ ምጣድ ሲጣድ፣ ጎረቤት አገር ኃይል ሲገዛ፣ ውሃው ይወርዳል። ለመዝናኛ የመጣው ሰው ግን ውሃው ባለበት እንዲቆይለት ይፈልጋል። ሁለቱ በጠባያቸው አይስማሙም።

አለመስማማቱ ሲከር ምን እንደሚመስል ላስ ቬጋስ ያሉ ወገኖቻችን ከከተማቸው ብዙ ሳይርቁ አይተውታል። ሚድ ሐይቅ በሁቨር ግድብ የተፈጠረ፣ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚጎበኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ የመዝናኛ ቀጠና ተብሎ የተሰየመ ውሃ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ ድርቁ ሲረዝምና ከወንዙ የሚወስደው ሰው አልቀንስም ሲል፣ እስከ 2022 ድረስ ከ50 ሜትር በላይ ወረደ። የጀልባ ማውረጃዎቹ በየተራ አየር ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። በየጊዜው እየተቆፈሩ ወደ ታች ተቀጠሉ፤ መጨረሻ ላይ ብዙዎቹ ተዘጉ። በገደሉ ላይ ነጭ ቀለበት ታየ። ለአሥርተ ዓመታት በበርሜል ተደብቆ የነበረ የሰው አስከሬን ሳይቀር ከደረቀው ወለል ወጣ። በሀብትም በምህንድስናም ያልታማችው አገር ይህን ለማቆም አልቻለችም፤ ያደረገችው ጉድለቱን ማን ስንት እንደሚሸከም በውል መከፋፈል ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የካሪባ ነገር ነው። ካሪባ በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ዛምቤዚን ገድቦ የተፈጠረ፣ በሚይዘው የውሃ መጠን ከዓለም ሰው ሠራሽ ሐይቆች የሚተካከለው የሌለ ነው። የሚኖሩባቸው ተንሳፋፊ ጀልባ ቤቶች ዝነኛ ናቸው፤ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ዝሆን እያየ ውሃ ላይ ያድራል። ታንጋኒካ ሐይቅ ውስጥ የነበረች ካፔንታ የምትባል ጣት የምታህል አሳ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. መጥታ ተለቅቃ ትልቅ ኢንዱስትሪ ሆነች። በሌላ በኩል ለግድቡ ሲባል 57,000 ያህል የቶንጋ ሕዝብ ከወንዙ ተነሥቶ ወደ ደረቅ ምድር ተወስዷል። ካፔንታውን በብርሃን የሚያጠምደው ጀልባ፣ ማቀዝቀዣውና መኪናው ካፒታል ላለው ሰው ሆነ፤ ቶንጋው ዳር ቆሞ አየ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ ላይ ለማመንጨት የሚውለው ውሃ ከአምስት በመቶ በታች ወረደና የሁለቱ አገሮች የጋራ የወንዙ ባለሥልጣን የዚምባብዌው ማመንጫ እንዲቆም አዘዘ። ልብ ይበሉ፤ ውሃውን በድርሻ የሚያከፋፍልና በቃችሁ የሚል አንድ አካል ነበረ። አዘገየ ይባል ይሆናል፤ ግን ነበረ።

በአንጻሩ የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ታሪክ ተስፋ ይሰጣል። ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠሩት ግድቦች ዓላማቸው ጎርፍ መከላከል፣ የጀልባ ንግድና መብራት ነበር። መዝናኛ በራሱ ጊዜ መጣ፤ ሰው ዳርቻውን ገዝቶ ቤት ሠራ፣ ነጋዴው የጀልባ ማቆሚያ ከፈተ። ችግሩ በየዓመቱ ኦገስት ሲገባ ሐይቆቹ ለክረምቱ ዝናብ ቦታ ለመስጠት መጉደል መጀመራቸው ነበር። ገና ሙቀቱ ሳያልፍ የጀልባ ማቆሚያው ጭቃ ላይ ይቀመጥ ነበር። ብዙ ጩኸት ተሰማ፤ ረጅም ጥናት ተደረገ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ባለሥልጣኑ ደንቡን ቀይሮ የብዙዎቹ ሐይቆች ከፍታ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ እንዲጠበቅ አደረገ። ከመብራቱ የቀረበትን ትንሽ ነገር ከዳርቻው ኢኮኖሚ ጋር መዝኖ የወሰነው ነው። ልዩነቱን ያመጣው መዝናኛው በደንቡ ውስጥ ስሙ ተጽፎ መግባቱ ይመስለኛል። ስሙ ያልገባ ጥቅም ሁልጊዜ በመጨረሻ የሚታሰብ ነው።

አሁን ወደ ጉባ እንመለስ። ንጋት ሲሞላ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ነው። ግድቡ ጋ በአማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይገባል፤ ከዚህ አብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይወርዳል። ሐይቁ ሙሉ በሆነበት ስፋቱ አንድ ሜትር ከፍታ ማለት በግርድፉ 1.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ተርባይኖቹ በጋውን እኩል እንዲዞሩ ከተፈለገ ከኅዳር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ሐይቁ በብዙ ሜትር መውረዱ የግድ ነው፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ ይብሳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሥራው ነው።

መልካሙ ነገር የውሃው ካላንደርና የተጓዡ ካላንደር ከሌሎች አገሮች ይልቅ እዚህ መግጠማቸው ነው። ሐይቁ ጢም የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ፣ ከውጭ የሚመጣው ወገን ለገና የሚገባበት፣ ፈረንጁም ከብርድ የሚሸሽበት ወቅት ውሃው ገና ከፍ ያለበት ነው። ዝቅ የሚለው በሚያዝያና በግንቦት ሲሆን ያኔ የጉባ ሙቀት ለአገሬው ሰውም የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ከተርባይኑ ጋር ሳንጣላ ለጎብኚ የሚሆን ወቅት አለን። ይህን ዕድል ግን ዲዛይኑ ካላወቀው ዋጋ የለውም። መወጣጫው ከውሃው ጋር የሚወርድ ተንሳፋፊ የጀልባ ማቆሚያ፣ ከከፍተኛው ጠለል በላይ በቂ ርቀት የተሠራ ሎጅ፣ ገደላማውን ዳርቻ ከሜዳማው ለይቶ መምረጥ ያስፈልጋል። በሜዳማው በኩል አንድ ሜትር ዝቅ ማለት ውሃውን ከዓይን ሊያጠፋው ይችላል፤ በገደሉ በኩል ግን ድንጋዩ ላይ መስመር ከመተው አያልፍም። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ሐይቅ በጠባብ ገደል ውስጥ የተኛ ነው፤ በዳውሮ በኩል የተሠራው የሃላላ ኬላ ሪዞርት ውሃውን ከላይ ሆኖ የሚመለከት መሆኑ ለዚህ ዓይነት ሐይቅ የሚመች አቀማመጥ ነው። ጉባ ላይ ያው ነገር እንዳለ ይገለበጥ ማለቴ አይደለም።

ውሃው ውስጥ ስለቀረው ዛፍም ማሰብ ያስፈልጋል። ጋና ውስጥ ቮልታ ሐይቅ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሞላ ጫካው ሳይመነጠር ሰጠመ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው የጫነ ጀልባ ከውሃ በታች ካለ ጉቶ ጋር እየተጋጨ ይገለበጣል፤ የሞተው ሰው ብዙ ነው። የንጋት ደን ሐይቁ ከመሙላቱ በፊት በከፊል ተመንጥሯል። በከፊል መሆኑ ነው የሚያሳስበው። ውሃው ሲወርድ ጉቶው ይቀርባል፤ ጀልባ ነጂው ደግሞ ትናንት ያለፈበትን መንገድ ነው የሚያምነው። በተንሳፋፊ ምልክት ያልተከለለ፣ ካርታ ያልተነሣለት ውሃ ላይ የመንገደኛ ጀልባ ማሰማራት ወንጀል ነው ብል አላጋንንም።

ደለሉም አለ። አባይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር ይዞ ይወርዳል። ሱዳን ውስጥ ሮዛሪስን የሞላው ይህ አፈር ከእንግዲህ ንጋት ውስጥ ይቀራል። ሐይቁ ግዙፍ ስለሆነ እንደ ቆቃ በአንድ ትውልድ አይታፈንም። ግን ደለል ሐይቁን እኩል አይሞላውም፤ ወንዙ በሚገባበት ጅራቱ በኩል ይከማቻል፤ እዚያ ያለው ዳርቻ ቀድሞ ረግረግ ይሆናል። ሎጅ የሚሠራበትን ቦታ ከሥዕል ላይ የሚመርጥ ባለሀብት ጅራቱን ሊመርጥ ይችላል፤ በሥዕሉ ላይ ሁሉም ሰማያዊ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ነገር ነው። ጉባ የሚገኝበት መተከል ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባሉ ዓመታት ብዙ ደም የፈሰሰበት ዞን ነው። ጎብኚ ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ መንገድ ላይ አይወጣም፤ በአጀብ የሚደረግ ጉብኝት ደግሞ ለባለሥልጣን እንጂ ለቤተሰብ አይሆንም። ከዚያም በላይ የጉሙዝ ሕዝብ አለ። ወንዙ ዳር አሳ ያጠምድ፣ ወርቅ ያጥብ፣ ማር ይቆርጥ፣ ውሃው በተወው ለም አፈር ላይ ይዘራ ነበር። ውሃው ሲመጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው በአዲስ መንደር ሰፈሩ። ሐይቁ ለእነሱ እንግዳ ነገር ነው፤ የወንዝ መረብ ለጥልቅ ሐይቅ አይሆንም፣ የወንዝ ታንኳ ለባሕር ማዕበል አይሆንም። ጀልባና ሞተር፣ ማቀዝቀዣና መኪና ይዞ ከሌላ ቦታ የሚመጣው አስጋሪ ይቀድማቸዋል። የካሪባ ቶንጋዎች ታሪክ እዚህ ላለመደገሙ ዋስትና የሚሆነው አሁን የሚወጣ ደንብ ነው፤ ፈቃድ ለማን በምን ቅደም ተከተል ይሰጣል፣ ደሴቶቹ ላይ የሚሠራ ሰው ስንት የአካባቢ ልጅ ይቀጥራል፣ ከመግቢያው ገቢ ለወረዳው ምን ይቀራል። ሪባን ከተቆረጠ በኋላ እነዚህ ጥያቄዎች ልመና ይሆናሉ።

አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ “ግድቡ የተሠራው ለመብራት ነው፤ ቱሪዝሙ ትርፍ ነው፣ ለትርፍ ነገር ይህን ያህል ምን አስጨነቀህ?” ሊለኝ ይችላል። እውነት አለው። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መብራት በሌለው አገር ለጀልባ ብሎ ተርባይን ማቆም እብደት ነው፤ እኔም አልጠይቅም። የምለው ሐይቁን ለጀልባ የሚመች የሚያደርጉት ሥራዎች አብዛኞቹ ሐይቁን ለተርባይንም የሚያቆዩ ናቸው ነው። ላይኛው ተፋሰስ ላይ የሚሠራው እርከን ደለሉን ይይዛል። እምቦጭ በመጀመሪያው ዓመት ከተነቀለ ለመከላከል የወጣው ወጪ ከቁጥር አይገባም። የከፍታው አወራረድ በዕቅድ ከሆነ ወባውም ይቀንሳል፣ በታች ያለው ጎረቤትም ድንገተኛ ጎርፍ አይመጣበትም። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ቆቃ ሞልቶ ውሃ ሲለቀቅ አዋሽ በአፋር ዳርቻውን ጥሶ በአሥር ሺዎች ያፈናቀለበትን ክረምት ያስታወሰ ሰው የአወራረድ ዕቅድ ለመዝናኛ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። ንጋት ግርጌ ያለው ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ያለ ሌላ አገር ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሐይቁን እንደ ሐይቅ የሚይዝ አንድ አካል ነው። አዲስ ሚኒስቴር ይፈጠር አላልኩም፤ መሥሪያ ቤት ማብዛት ለኛ አገር መድኃኒት ሆኖ አያውቅም። በሐይቁ ዙሪያ ከፍታ መስመር ተከልሎ፣ ከዚያ መስመር በታች ምን እንደሚሠራና እንደማይሠራ የሚወስን፣ ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተቀምጦ የዓመቱን የከፍታ ዕቅድ የሚነጋገር፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የጉሙዝ ሽማግሌና አሳ አስጋሪ ወንበር ያላቸው አካል ይበቃል። ወጪውን ከየሜጋ ዋት ሰዓቱ ሽያጭ በሳንቲም ደረጃ መቁረጥ ይቻላል። የሎጅ ፈቃድም ከዚህ አካል በፊት መሰጠት የለበትም፤ ቀድሞ የተሰጠ የሊዝ ወረቀት በኋላ ለሚመጣ ደንብ አይገዛም።

ከሁሉ በፊት ግን ርካሹ ሥራ ይሠራ፤ የሐይቁ ከፍታ በየጊዜው ለሕዝብ ይነገር። የቴኔሲ ሐይቆች ከፍታ በየቀኑ ይታወጃል፤ አሳ የሚያጠምደው ሰው ስልኩን አይቶ ነው ከቤቱ የሚወጣው። የንጋትን ከፍታ ግን የካይሮና የካርቱም ተንታኝ ከሳተላይት ምስል እየለካ ሲናገር፣ ቦንድ የገዛው የደብረ ማርቆስ መምህር ከእነሱ ይሰማል። በድርድሩ ዘመን ቁጥሩን መደበቅ ምክንያት ነበረው እንበል። አሁን ሐይቁ ሞልቷል፣ ከሰማይም ይታያል። ጉባ ላይ ጀልባ ሊያቆም ያሰበ ባለሀብት በጥቅምትና በግንቦት መካከል ውሃው ስንት ሜትር እንደሚወርድ ሳይነገረው ምሰሶውን የት ይተክላል?